ወንበሩን ኮከብ ይሞላዋል፤ ማን ያቆየዋል?

እስቲ በአንድ ቁጥር እንጀምር፤ 55,646።

የአንድ ትልቅ የእግር ኳስ ደርቢ ተመልካች ይመስላል፣ አይደል? አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2023 አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ሲቲ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ የአዮዋና የዲፖል ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ያደረጉትን ጨዋታ ሊያይ የገባ ሰው ቁጥር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልብ በሉ፣ ጨዋታው የወዳጅነት ነው። ነጥብ የለውም፣ ዋንጫም የለውም። የተካሄደውም በአዳራሽ ሳይሆን ኪኒክ በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየም ውስጥ፣ ሜዳው መሀል ወለል ተነጥፎ፣ በነፋስና በብርድ ነው።

ከዚያ ቀን በፊት በሴቶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ብዙ ሕዝብ የገባበት ጨዋታ የ2002ቱ የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ነበር። ሳን አንቶኒዮ ላይ 29,619 ሰው አይቶታል። እንግዲህ ውጤቱ የትም የማይመዘገብ ጨዋታ የዋንጫ ፍጻሜን ክብረ ወሰን በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል ቁጥር ሰበረው ማለት ነው።

ያን ሁሉ ሰው ከቤቱ ያስወጣችው በአብዛኛው አንዲት የ21 ዓመት ተማሪ ናት፤ ኬትሊን ክላርክ። በዚያ ነፋስ ውስጥ 34 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድና 10 አሲስት አስመዝግባ ሕዝቡን ሸኘችው።

የክላርክን ስም የማያውቅ ስልክ ያለው ወጣት ዛሬ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከአርማው ላይ የምትወረውራቸውን የሦስት ነጥብ ኳሶች ሁላችንም አይተናል። እኔ ግን ከኳሱ ይልቅ ወንበሩ ላይ ማተኮር ፈልጌያለሁ። አንድ ኮከብ ተጫዋች አዳራሽ የሚሞላው እንዴት ነው? ሲሞላስ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮከቡ ሲሄድ ሰዉ አብሮ ይሄዳል ወይ? ለሴቶች ስፖርት የሞት ሽረት ጥያቄው ይኼ የመጨረሻው ነው።

ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተወለደ ኮከብ

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ክላርክ ለአዮዋ መጫወት የጀመረችው በ2020 መጨረሻ፣ ኮቪድ አዳራሾችን በዘጋበት የውድድር ዓመት ነው። በዚያ በመጀመሪያ ዓመቷ በጨዋታ በአማካይ ከ26 ነጥብ በላይ እያስቆጠረች ከመላው አገሪቱ ቀዳሚ ሆናለች። ያየቻት ግን የተጫዋቾች ቤተሰብና ጥቂት ሰው ነው። ችሎታው ነበረ፣ ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ጎበዝ ተጫዋች ካለ ሕዝቡ ራሱ ይመጣል» የሚለው አባባል ሙሉ አይደለም። በሩ መከፈት አለበት፣ ሰዉም መስማት አለበት።

በሩ ሲከፈት ግን ሕዝቡ በየዓመቱ እየጨመረ መጣ። ካርቨር ሆክአይ የሚባለው የአዮዋ አዳራሽ 15 ሺሕ ሰው ገደማ ይይዛል። ለ2023-24 የውድድር ዓመት ጨዋታው ሳይጀመር፣ ገና በኦገስት፣ የዓመቱ ትኬት በሙሉ ተሸጦ አለቀ። በሴቶቹ ቡድን ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ለምን እሷ? እኔ ሦስት ምክንያት አያለሁ።

አንደኛ፣ የአጨዋወቷ ዓይነት። ከሩቅ የሚወረወር ኳስ ማንም ይገባዋል። ስለ መከላከል ሥርዓት ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ አንዲት ልጅ ከሜዳው አጋማሽ ጥቂት አልፋ ኳሷን ስትለቅና መረቡ ውስጥ ስትገባ «ውይ!» ይላል። ደግሞ ይኼ ነገር በስልክ ስክሪን ልክ የተሠራ ነው የሚመስለው። አሥር ሰከንድ ይበቃዋል፣ ማብራሪያ አይፈልግም። በአጭር ቪዲዮ ያያት ሰው በኋላ ሙሉውን ጨዋታ ይፈልጋል፣ ከዚያ ትኬት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የአገር ልጅ መሆኗ። ክላርክ ተወልዳ ያደገችው እዚያው አዮዋ፣ ደሞይን አካባቢ ነው። አዮዋ ውስጥ በኤንቢኤም ሆነ በኤንኤፍኤል የሚጫወት የፕሮፌሽናል ቡድን የለም። የግዛቲቱ ሰው ልቡን የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ነው። ትልልቅ ስም ያላቸው ቡድኖች እየፈለጓት እሷ ቤቷ አጠገብ ቀረች። «ልጃችን» የሚለው ስሜት ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ትኬት ይሸጣል።

ሦስተኛው ብዙም የማይወራ ነው፤ ጊዜ። በወንዶች ቅርጫት ኳስ አንድ ጎበዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ዓመት ቆይቶ ወደ ኤንቢኤ ይሄዳል። ደጋፊው ስሙን ሲለምደው ልጁ የለም። የሴቶቹ ሊግ፣ ደብሊው ኤንቢኤ፣ ግን አሜሪካውያን ተጫዋቾችን የሚቀበለው በምልመላው ዓመት 22 ዓመት ሲሞላቸው ወይም ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ነው። ስለዚህ ኮከቧ አራት ዓመት አንድ ቦታ ትቆያለች። ተከታታይ ድራማ ማለት ነው። በየዓመቱ አዲስ ምዕራፍ፣ አዲስ ባላንጣ፣ አዲስ ቁጭት አለው። ተጫዋቾቹ ገቢያቸውን ስለሚያዘገይባቸው ደንቡን ብዙ ሰው ይተቸዋል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ተመልካች በማሰባሰብ በኩል ግን የሴቶቹን ኮሌጅ ጨዋታ ሳያስበው ጠቅሞታል።

ለባላንጣ የምትሠራ ኮከብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኮከብ ተጫዋች የራሷን አዳራሽ ብትሞላ አይገርምም። የሚገርመው የሌላውን አዳራሽ መሙላቷ ነው።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 አዮዋ ወደ ኦሃዮ ስቴት ሄዳ ተጫወተች። አዳራሹ ውስጥ 18,660 ሰው ነበር። ክላርክ 45 ነጥብ አስቆጥራም ቡድኗ ተሸነፈ፤ የባለሜዳዋ ደጋፊዎችም ደስታቸውን መቋቋም አቅቷቸው ሜዳውን አጥለቀለቁት። በዚያ የውድድር ዓመት አዮዋ በሄደችበት ሁሉ ታሪኩ ተመሳሳይ ነበር፤ ከሳምንታት በፊት ያለቀ ትኬት፣ በእጥፍና በሦስት እጥፍ የሚሸጥ ወንበር፣ 22 ቁጥር ማሊያ የለበሱ ትንንሽ ሴት ልጆች። የትኬቱ ገቢ የሚገባው ግን ለባለሜዳው ዩኒቨርሲቲ ነው።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ጄሪ ሃውስማንና ግሪጎሪ ሌናርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1997 ባሳተሙት ጥናት ማይክል ጆርዳን ከራሱ ቡድን ከቺካጎ ቡልስ ውጭ ለሌሎቹ የኤንቢኤ ቡድኖች በአንድ የውድድር ዓመት ብቻ 53 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጥቅም እንዳስገኘ አስልተዋል። ጆርዳን ከሌሎቹ ቡድኖች አንድ ሳንቲም ደመወዝ አልተከፈለውም። ሊጉ በሙሉ ግን በእሱ ጀርባ ላይ ተሳፍሮ ነበር።

ክላርክም እንደዚሁ። ልዩነቱ ጆርዳን ቢያንስ ከቡልስ ደመወዝ ይቀበል ነበር። የኮሌጅ ተጫዋች በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲዋ ደመወዝ አይከፈላትም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ግን ተማሪ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ከኩባንያዎች ጋር እንዲዋዋሉ ተፈቀደ። እሷም ከናይኪ፣ ከጌቶሬድና ከስቴት ፋርም ጋር ሠራች። አያችሁ አጋጣሚውን? ደንቡ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የኮከብነት ዘመኗን ግማሽ በነፃ ሠርታ ታልፈው ነበር። ደንቡ መቀየሩ ለሕዝቡም ትርጉም ነበረው። ፊቷ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ሲመላለስ ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ስሟን ለመደ።

መሬቱን ማን አረሰው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ። «ክላርክ የሴቶችን ቅርጫት ኳስ ፈጠረችው» ዓይነት ወሬ በስልካችን ይዘዋወራል። ይኼ ትክክል አይደለም፤ ከእሷ በፊት ለደከሙትም ፍትሐዊ አይደለም።

አዮዋን እንውሰድ። በዚያች ግዛት የልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የሕዝብ ፍቅር አለው። ስድስት ለስድስት የሚባል ልዩ አጨዋወት ነበራቸው፤ ሦስቱ ያጠቃሉ፣ ሦስቱ ይከላከላሉ፣ ማንም የሜዳውን አጋማሽ አያልፍም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ከትንንሽ የገበሬ ከተሞች ሰው እየተጫነ ወደ ደሞይን ይጎርፍ ነበር። በ1968ቱ ውድድር ስሟ የገነነው ዴኒስ ሎንግ በዓመቱ በሳን ፍራንሲስኮ ዋሪየርስ፣ አዎ በወንዶቹ የኤንቢኤ ቡድን፣ ስሟ ተመርጦ ነበር። ያ አጨዋወት አዮዋ ውስጥ የቆመው በ1993 ነው። ዛሬ ካርቨር ሆክአይ ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ከሚቀመጡት አያቶች መካከል ያንን ኳስ የተጫወቱ አሉ።

ሌላም አለ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1985 በዚሁ አዳራሽ አዮዋ ከኦሃዮ ስቴት ስትጫወት 22,157 ሰው ገብቶ ነበር። አዳራሹ ከሚይዘው በላይ ነው፤ ሰዉ ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጦ ነው ያየው። አሠልጣኟ ቪቪያን ስትሪንገር ነበረች። ክላርክ ልትወለድ ገና 17 ዓመት ይቀራት ነበር።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሕጉ አለ። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ ከለከለ። በዚህ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ቡድን፣ አሠልጣኝና ስኮላርሺፕ ለመስጠት ተገደዱ። የክላርክ ችሎታ የራሷ ነው። የተጫወተችበት ቡድን፣ የተቀመጠላት ስኮላርሺፕ፣ የገጠሟት ጠንካራ ተጋጣሚዎች ግን የሃምሳ ዓመት ሥራ ውጤት ናቸው።

ከአዮዋ ወጥተን ወደ ደቡብ እንሂድ። ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ዓመት ገደማ በሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በተመልካች ቁጥር አሜሪካን ሲመራ ቆይቷል። አሠልጣኝ ዶውን ስቴይሊ በ2008 ስትመጣ አዳራሹ በአብዛኛው ባዶ ነበር። እሷ ቡድን ሠራች፣ ከከተማው ሰው ጋር ተቀራረበች፣ በ2014 ደግሞ የአካባቢው ልጅ ኤጃ ዊልሰን ቡድኑን ተቀላቀለች። በ2017 ዋንጫ መጣ። በ2018 ዊልሰን ሄደች። ሰዉስ? ሰዉ ቀረ። በ2022 እና በ2024 ሌላ ዋንጫ ሲመጣም እዚያው ነበር።

ይኼ ለእኔ ከ55,646 የሚበልጥ ዜና ነው። ኮከቧ ሄዳ ወንበሩ አልተነሣም።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ የዘር ጉዳይም አለ። እንደ ዊልሰን ያሉ ጥቁር ተጫዋቾች ለዓመታት በሜዳው ላይ የበላይ ሆነው ሳለ ካሜራውና ማስታወቂያው እኩል አልተከተላቸውም የሚል ክርክር አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ይካሄዳል። ክርክሩ የክላርክን ችሎታ አይቀንስም። የሚነግረን ተመልካች የሚመጣው ችሎታን ተከትሎ ብቻ ሳይሆን ሚዲያው ማንን እንደሚያሳየው ተከትሎም ጭምር መሆኑን ነው።

ዕቃው ከመታየቱ በፊት የተሸጠው

በማርች 2021 የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሴዶና ፕሪንስ ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ ቀረጸች። ለወንዶቹ የኮሌጆች ውድድር የተዘጋጀው የክብደት ማንሻ ክፍል ሰፊ ጂምናዚየም ነው። ለሴቶቹ የተሰጣቸው አንድ ትንሽ የክብደት መደርደሪያ ነበር። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። አገር ተንጫጫ። ውድድሩን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ገለልተኛ ምርመራ ለማዘዝ ተገደደ።

ምርመራው ሲወጣ ብዙ ጉድ ተሰማ። «ማርች ማድነስ» የሚለው ዝነኛ ስም ለወንዶቹ ብቻ ይውል ነበር፤ ሴቶቹ እንዲጠቀሙበት የተደረገው ከ2022 ጀምሮ ነው። የሴቶቹ ውድድር የቴሌቪዥን መብት ደግሞ ከሌሎች በርካታ ስፖርቶች ጋር ተጠቅልሎ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ባለሙያዎቹ ለብቻው ቢሸጥ በ2025 በዓመት ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል ገመቱ።

ምን ሆነ? በጃንዋሪ 2024 ኤንሲኤኤ ከኢኤስፒኤን ጋር የስምንት ዓመት አዲስ ውል ተፈራረመ። የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ አሁንም ከሌሎች ውድድሮች ጋር ተጠቀለለ፤ ዋጋው በዓመት 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ተገመተ። የወንዶቹ ውድድር በዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር አካባቢ እንደሚያስገባ አስታውሱ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 2024፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሳውዝ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ75 አሸንፋ ዋንጫ አነሣች። ጨዋታውን በአሜሪካ 18.9 ሚሊዮን ሰው አየው። በማግሥቱ የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው 14.8 ሚሊዮን ነበር። የሴቶቹ ፍጻሜ የወንዶቹን ሲበልጥ በታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ገበያ የወጣ ሰው በሬውን ጠዋት በርካሽ ሸጦ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሲሆን ቢያይ ምን ይሰማዋል? ውሉ እስከ 2032 ነው። ክላርክ ያመጣችው ሕዝብ የሚያስገኘው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ይሄዳል፤ ለተጫዋቾቹና ለዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጧል።

ለቁጥሩ ፍትሐዊ እንሁን። የሴቶቹ ፍጻሜ የተላለፈው ኤቢሲ በሚባለው ማንም በነፃ በሚያየው ጣቢያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የወንዶቹ ሰኞ ማታ፣ በክፍያ በሚታይ የኬብል ጣቢያ። ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ የክላርክ አይደለም። ግን ይኼም ራሱ ትምህርት ነው፤ ሴቶቹን ጥሩ ሰዓትና ጥሩ ጣቢያ ላይ ስታስቀምጣቸው ሰው ያያል። ለዓመታት «ማንም አያያቸውም» የተባለው ማንም ሊያያቸው በማይችልበት ቦታ ስለተቀመጡ ጭምር ነበር።

ከሄደች በኋላ

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ክላርክ 3,951 ነጥብ አስቆጥራ፣ በወንዶችም በሴቶችም የአንደኛ ዲቪዚዮን ኮሌጆች ቀዳሚ ግብ አስቆጣሪ ሆና በ2024 ከአዮዋ ወጣች። አሠልጣኟ ሊሳ ብሉደርም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣች። አዳራሹ ምን ሆነ?

የ2024-25 የዓመት ትኬት እንደገና አለቀ። በአዲሷ አሠልጣኝ በጃን ጄንሰን ሥር፣ ያለ ክላርክ፣ ሰዉ መጣ። በእርግጥ አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ወረፋ ጠብቆ ያገኘውን ወንበር ማን ይለቃል? ግን አንዴ የዓመት ትኬት የገዛ ቤተሰብ አሥራ አምስት ጊዜ ወደ አዳራሹ ይመላለሳል። ሌሎቹንም ተጫዋቾች ስም በስም ያውቃቸዋል። ሊያያት የመጣባት ልጅ ብትሄድም የሚያያቸው ልጆች አሉ።

የቴሌቪዥኑስ? የ2025 ፍጻሜ፣ ዩኮን ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ59 ያሸነፈችበት፣ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ተመልካች አገኘ። ወዲያውኑ «ከ18.9 ወደ 8.5 ወረደ፣ አለቀ በቃ» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። እኔ ቁጥሩን ሌላ ቁጥር አጠገብ አስቀምጬ ማየት እመርጣለሁ። በ2022፣ ክላርክ ገና ወደ ፍጻሜ ሳትደርስ፣ እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ባደረጉት ፍጻሜ የተመልካቹ ቁጥር 4.85 ሚሊዮን ነበር። ተመሳሳይ ቡድኖች፣ ተመሳሳይ ዋንጫ፣ በመሀል የክላርክ ዘመን። ጎርፉ ሲያልፍ የወንዙ መጠን ወደ ድሮው አልተመለሰም፤ ወደ እጥፍ ሊጠጋ በሚችል ከፍታ ላይ ቆየ።

ይህን ስል ነገሩ ሁሉ ሰላም ነው እያልኩ አይደለም። ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ስንሄድ አደጋው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኢንዲያና ፊቨር ክላርክ ሳትመጣ በ2023 በሜዳው የሚያየው ሰው በአማካይ 4 ሺሕ ገደማ ነበር። በ2024 ወደ 17 ሺሕ ገባ። በዋሽንግተን ሚስቲክስ የሚባለው ቡድን የራሱ አዳራሽ 4,200 ሰው ብቻ ስለሚይዝ ክላርክ ስትመጣ ጨዋታውን ወደ መሀል ከተማው ትልቅ አዳራሽ አዛወረው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 2024 እዚያ 20,711 ሰው ገባ፤ የሊጉ መደበኛ የውድድር ዓመት ክብረ ወሰን ሆነ። ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቻችን ያን ዕለት ማታ መሀል ከተማው ምን ይመስል እንደነበር ሳታስታውሱት አትቀሩም።

ከዚያ 2025 መጣና ክላርክ ተጎዳች። በዓመቱ 13 ጨዋታ ብቻ ተጫወተች። ጁን ላይ ቺካጎ ስካይ የፊቨርን ጨዋታ ለብዙ ሕዝብ ብሎ የቡልስ ሜዳ ወደሆነው ዩናይትድ ሴንተር ባዛወረበት ዕለት እሷ አልነበረችም። ጉዳቷ እንደተሰማ በእጅ የሚሸጠው ትኬት ዋጋ ተንኮታኮተ። አንድ የጡንቻ ጉዳት የአንድን ከተማ ገበያ አናወጠ ማለት ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ወደው አይደለም።

ሸክሙን የተሸከመችው ልጅ የሚከፈላት ስንት ነበር? በመጀመሪያ ዓመቷ ከሊጉ 76,535 ዶላር። በእርግጥ ከማስታወቂያ የምታገኘው በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ አልተራበችም። ከጎኗ የምትሮጠው፣ ኳሱን የምታቀብላት፣ ስትወድቅ የምታነሣት ልጅ ግን የናይኪ ውል የላትም። በኦክቶበር 2024 የደብሊው ኤንቢኤ ተጫዋቾች ማኅበር የነበረውን የጋራ ስምምነት ጊዜው ሳይደርስ ያፈረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ከመጣ ድርሻችን የት አለ? በኮሌጁም በኩል ወንዶቹ ከ1991 ጀምሮ ሲያገኙት የነበረውን፣ በውድድሩ ላይ በሚገኝ ውጤት መሠረት የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ሴቶቹ ማግኘት የጀመሩት በ2025 ነው። ይህ ሕዝቡ ከመጣ በኋላ የተገኘ፣ ኮከቧ ብትሄድም የማይነሣ ነገር ነው። ለዚህ ነው ከትኬቱ ሽያጭ ይልቅ ደንቡን እዩ የምለው።

ከእኛስ ምን ያገናኘዋል?

አንድ ክር አለ። 20,711 ሰው በገባባት በዚያችው ዋሽንግተን፣ በዚያው 2024፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ኮከብ ደርሳ ነበር። ሎዛ አበራ ዲሲ ፓወር ለሚባለው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ፈረመች። የሉሲዎቹ አጥቂ፣ የንግድ ባንክ ግብ አዳኝ፣ ከዚያ በፊት ማልታ ሄዳ የተጫወተች።

ሎዛ አገር ቤት ስትጫወት ግብ አስቆጥራለች፣ ዋንጫ አንሥታለች፣ ስሟን የማያውቅ የስፖርት ወዳጅ የለም። ሆኖም ስሟ በገነነው ልክ ትሪቡኑ አልሞላም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከላይ ያየናቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አስቡ። የአገር ልጅ የሚለው ስሜት የሚሠራው ቡድኑ በገዛ ከተማው ሲጫወት ነው፤ የእኛ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ግን ባለፉት ዓመታት ቡድኖቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲጫወቱ ነው የቆየው። ደጋፊው ልጁን ሊያይ በሳምንቱ የሚሄድበት የቤት ሜዳ የለውም። ጨዋታው ብዙውን ጊዜ ሰው ሥራና ትምህርት ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ስልካችን ላይ የሚደርስ የአሥር ሰከንድ ግብ እንኳ በመከራ ነው የሚገኘው። ኮከብ አጥተን አይደለም፤ ኮከቧን የምናይበት ወንበርና መስኮት አጥተን ነው።

አዮዋ አንድ ኬትሊን ክላርክን አገኘች። ግን ክላርክ ስትመጣ አዳራሹ ተሠርቶ፣ አያቶቹ ኳሱን አውቀውት፣ ሕጉ ወጥቶ፣ ካሜራው ተዘጋጅቶ ጠብቋታል። ኮከብ በትእዛዝ አይመጣም፣ መቼ እንደሚወለድም አይታወቅም። በትእዛዝ የሚመጣው የጨዋታ ሰዓት፣ የቤት ሜዳ፣ የቀጥታ ስርጭትና ፍትሐዊ ውል ነው።

ለአዮዋ ልጆች እውነተኛው ፈተና ገና ነው። ክላርክን ለማየት የተሰለፈው ትውልድ የያዘውን የዓመት ትኬት ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ቡድኑ አንድ ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ያድሰዋል ወይ? ሳውዝ ካሮላይና ላይ ዊልሰን ከሄደች በኋላ መልሱ «አዎ» ነበር። እኔ በየዓመቱ ኦገስት ላይ የማየው የማን ቪዲዮ ስንት ሰው አየው የሚለውን አይደለም። የአዮዋ የሴቶች ቡድን የዓመት ትኬት ስንት እንደተሸጠ ነው።